ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰኞ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ማርች 11 ቀን 2024

ለጋሽ ገብረየስ፣
ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላምታዬን ላስቀድም ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ልቅሶ ላይ ያልተገናኘ ሰው ሰላምታው ከየት እንደሚጀምር አላውቅም። ቢሆንም እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔ ከነብቸኝነቴ አለሁ፤ ጤና አልተነፈግኩም፣ ተመስገን።

ያልደወልኩት ቁጥርዎ ጠፍቶብኝ አይደለም። በስልክ «እንዴት ነሽ፣ ልጅሽ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን እንደምንዘጋው ስለማውቅ ነው። እርስዎም ሲመልሱልኝ በጽሑፍ ይሁን። ወረቀት ላይ ያለ ሰው አፉን ሞልቶ አይዋሽም ይባላል። ካልተባለም ይኸው እኔ ብዬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈቃዱ ካረፈ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ልጄ ሳምሪ «ማም፣ ኢናፍ! የዳዲን ክሎዜት ክሊን እናድርገው» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከርማ ባለፈው ሳምንት እሺ አልኳት። ከቁም ሣጥኑ ኮቶቹን አወጣን፣ ከረባቶቹን አወጣን፣ የቤተ ክርስቲያን ነጠላውን ለራሴ አስቀረሁ። የክረምት ጫማው ሳጥን ውስጥ ግን ጫማ አልነበረም። ካርድ ነው የነበረው። ከሁለት የታጠፈ ትንንሽ ካርድ፣ ከላዩ ሃያ ሁለት ዓመት አብራችሁ ሣር ያጨዳችሁበት የጎልፍ ክለብ ስም የታተመበት፣ ሮክ ሆሎው። ሳምሪ «ስኮር ካርድ ነው፣ ጎልፍ ሲጫወቱ ነጥብ የሚጽፉበት» አለችኝ። በአንደኛው መስመር ራስ ላይ «በ»፣ በሁለተኛው ላይ «ገ» ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል። እጁን መቼም አውቀዋለሁ። ቀንም አለበት። ሳምሪ ቀኖቹን ከስልኳ ጋር አስተያየቻቸው። ሁሉም ሰኞ ናቸው። ከ2009 እስከ 2021። ቆጠርኳቸው፤ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሆኑ።

የቀረውን ያውቁታል፤ ግን ልጻፈው። ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኖር የዕረፍት ቀኔ ሰኞ ብቻ ነበር። እሑድ እንኳ ከቅዳሴ ወጥቼ በቀጥታ ሥራ ነው የምገባው። በፈቃዱ ደግሞ እሑድ ያርፋል፤ ሰኞ እስከ እኩለ ቀን ነው የሚሠራው። ያችን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር እግዜር አካፍሎ የሰጠን። እሱ ግን «ሰኞ ክለቡ ዝግ ነው፤ ማሽን የሚጠገንበት ቀን ነው፤ እስከ ምሽት እንቆያለን» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አመንኩት። ምሳ ሠርቼ እጠብቃለሁ፤ ይቀዘቅዛል፤ አሞቀዋለሁ፤ ደግሞ ይቀዘቅዛል። መስኮት ላይ ቆሜ ፓርኪንጉን ሳይ ከመዋሌ ብዛት የጎረቤቶቻችንን መኪና በድምፁ ለይቼ አውቅ ነበር።

ሴት ብትሆን ይገባኝ ነበር፤ እናደድ ነበር እንጂ ይገባኝ ነበር። ሴት አላገኘሁም። ያገኘሁት እርስዎን ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ባሌ ያለችንን አንድ ቀን ለምን ከእኔ ደብቆ ለእርስዎ ሰጠ?

እታለማሁ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኤፕሪል 2 ቀን 2024

ለክብርት ወይዘሮ እታለማሁ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሳልመልስ ሦስት ሳምንት በመቆየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የጓደኛዬን ልቅሶ አለመድረሴን በተመለከተ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም። ልቅሶ ሳይደርስ አንድ ሳምንት ያለፈው ሰው ያፍራል። ወር ሲያልፈው የሚያስቀድስበትን ቤተ ክርስቲያን ይቀይራል። ዓመት ሲያልፈው ገበያ ውስጥ መደርደሪያ ጀርባ ይደበቃል። እኔ ሦስቱንም አድርጌአለሁ። ባለፈው ዓመት ለፍልሰታ መያዣ አናንዴል ከሚገኘው የሐበሻ ሱቅ ሽሮ ልገዛ ገብቼ ጀርባዎን አየሁ። ቅርጫቴን እዚያው አስቀምጬ ወጣሁ። ያን ጾም ያለ ሽሮ ጾምኩት።

ካርዶቹን በተመለከተ፣ «ገ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ሜዳው ለአባላት ዝግ ነው፤ ሣሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። በክለቡ የድሮ ልማድ ሠራተኞች ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ሰኞ ከሰዓት እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸዋል። ብዙዎቹ አይጫወቱም፤ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔና በፈቃዱ አባላት የጣሉትን ዱላ፣ ኩሬ ውስጥ የቀረውን ኳስ ሰብስበን ተማርን። እሱ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ካርዶቹን ካዩ ይገባዎታል፤ ትንሹን ቁጥር የያዘው ነው አሸናፊ፣ ትንሹ ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ከ«በ» ሥር ነው።

ሜዳው ተራ ሜዳ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የነደፈው አለን ዌዘርቢ የሚባል ስኮትላንዳዊ አርክቴክት ነው፤ በዚህ ሙያ ስሙ ሲጠራ አዋቂዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከሩቅ አገር ሰዎች መጥተው እኛ ስናጭድ እነሱ ተንበርክከው መሬቱን ፎቶ ሲያነሡ እናያቸው ነበር። ሰባተኛው ጉድጓድ ያለበት መስክ ወደ ወንዙ ያዘነበለ ይመስላል፤ ኳሷን ሲለቋት ግን ወደ ኮረብታው ትሄዳለች። ሰውየው ዛፉን፣ ጉብታውን፣ የአሸዋውን ጉድጓድ ሁሉ ዓይን እንዲሸወድ አድርጎ ነው የሠራው። በፈቃዱ አይሸወድም ነበር። በየማለዳው ስለሚያጭደው ዳገቱን በእግሩ ያውቀዋል።

ጁን 10፣ ሰኞ ቀን፣ ክለቡ መቶኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ለቀድሞ ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው በሩን ይከፍታል። አስጎብኚ ይኖራል። መጥሪያው ደርሶኛል፤ «ሁለት ሰው» ይላል። እኔ ሁለተኛ ሰው የለኝም። እርስዎም እንዲመጡ ስምዎን አስመዘግባለሁ። የጠየቁኝን ነገር እዚያ ቆሜ ብናገረው ይቀለኛል ብዬ አስባለሁ።

ጉልበቴ ደህና ነው። ደረጃ ብቻ ይከብደዋል።

አክባሪዎ ገብረየስ


ሲልቨር ስፕሪንግ
ሜይ 7 ቀን 2024

እህቴ እታለም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ይኸው በመጨረሻው ደብዳቤሽ እንዳዘዝሽኝ እንደ ድሮው «አንቺ» አልኩሽ። «ማክበር የሚያበዛ ሰው ያጠፋ ሰው ነው» ብለሽ የጻፍሽው እውነት ነው። «እኔ ስለ ባሌ ጠየቅኩ፣ እርስዎ ስለ ሣር መለሱ» ያልሽውም እውነት ነው። ምክንያቱን ሳትሰሚ እግርሽን እንደማታነሺ ነግረሽኛል። በሜዳው ላይ ልነግርሽ ያሰብኩት ዓይንሽን ላለማየት የኳሷን መንገድ እያየሁ ልናገር ብዬ ነበር። እሺ፣ እዚሁ ልጻፈው።

ፋሲካን እንዴት ዋልክ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ሌሊት ቅዳሴ ሄጄ ተመልሼ ሁለት እንቁላል ቀቅዬ ጾሜን ፈታሁ። አንዱን በላሁ፤ አንዱን ለማን እንደቀቀልኩት አላውቅም።

ባለቤቴ ሸዋዓለም ያረፈችው በ2008 መጸው ላይ እንደሆነ ታስታውሻለሽ። ያኔ አንቺ ነሽ ልቅሶ ቤቱን የያዝሽልኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቴ አልወጣሽም። ሰው ሁሉ ሲበተን የሆነውን ግን ማንም አላየም። ልጅ አልነበረንም። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ ቤት ስገባ መብራት አላበራም። መብላት ረሳሁ። መኖር እንደ ትርፍ ሥራ ሆነብኝ። በሚቀጥለው ማርች፣ ሰኞ ቀን፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ አሥራ አራተኛው ጉድጓድ አጠገብ ካለው ኩሬ ዳር ጫማዬን አውልቄ ተቀምጬ በፈቃዱ አገኘኝ። ምን እያሰብክ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። አጠገቤ ተቀመጠና እሱም ጫማውን አወለቀ። በመጨረሻ «ከዛሬ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ብቻህን አትውልም» አለኝ።

ለማንም እንዳይናገር በሥላሴ ስም አስማልኩት። ለእታለምም ቢሆን አልኩት። የዚህን ከተማ ወሬ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት አዳምስ ሞርጋን የተወራ ማታ እዚህ ደርሶ ቡና ይጠጣበታል። «ገብረየስ ጨርቁን ሊጥል ነው» ከተባልኩ በኋላ ማን ቀና ብሎ ያየኛል ብዬ ፈራሁ። በፈቃዱ ደግሞ መሐላ የሚበላ ሰው አይደለም። ማሽን ጥገናው የመጣው ከዚያ ነው። ጎልፉም ሰበብ ነበር። ሁለት ወንድ ቁጭ ብሎ ሐዘን ማውራት አይችልበትም፤ እጃችን ሥራ ሲይዝ ነው አፋችን የሚፈታው።

ይኸው ነው። ባልሽ የእኔን ነፍስ ለማቆየት ነው የአንቺን ቀን የሰጠኝ።

ገብረየስ


አሌክሳንድሪያ
ሜይ 20 ቀን 2024

ውድ ጋሽ ገብረየስ፣

ደብዳቤዎን ማንበብ የጀመርኩት ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆሜ ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ውሃ አመጣችልኝ።

ምነው ጋሽ ገብረየስ! ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔ ወሬኛ ነኝ? ነኝ፣ ግን እንዲህ ዓይነቱን አላወራም። ምሳውን ለሦስት እሠራው ነበር እኮ።

ላለፉት ሁለት ወራት ሙት ስወቅስ ከርሜአለሁ። ፎቶውን ግድግዳው ላይ አዙሬው ነበር፤ ሳምሪ «ዋት ዲድ ሂ ዱ?» ስትለኝ «ጠይቂው» እላታለሁ። ትናንት መለስኩት። መስተዋቱንም ወለወልኩለት። ሰኞዎቼ ባክነዋል ብዬ ስቃጠል ለካ ነፍስ ላይ ነው የዋሉት። ከእንግዲህ በዚህ ነገር አላዝንም። ሦስት መቶ አሥራ አንዱንም መርቄ ሰጥቻለሁ። እግዚአብሔር በጤናዎ ላይ ያድርገው።

በተባለው ቀን እመጣለሁ። ሳምሪ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ትነዳልኛለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በአሜሪካኑ አሥር ላይ፣ ዋናው በር ላይ ይጠብቁኝ። ነጠላዬን የልቅሶ አድርጌ ስለምመጣ ከሩቅ ይለዩኛል። የቀረብዎትን ልቅሶ እዚያው ቆመን እናደርሰዋለን፤ ከዚያ በኋላ ገበያ ውስጥ ከሽሮ መሸሽ የለም። ዳቦ እይዛለሁ። ለፈረንጆቹም ይበቃል።

እህትዎ እታለማሁ


አሌክሳንድሪያ
ጁን 12 ቀን 2024

ለጋሽ ገብረየስ፣

ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ሰው ሁሉ በአጠገቤ ገባ። በረኛው ወንበር አመጣልኝ፤ አልቀመጥም አልኩት፣ ተቀምጬ እንዳይለፉኝ ብዬ። ስልክዎን ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። በመጨረሻ ሳምሪ ክንዴን ይዛ «ማም፣ ሂ ኢዝ ኖት ካሚንግ። ሌትስ ጎ ኢን» አለችኝ። ታመው ይሆናል ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነው የገባሁት። ማታ እርስዎ ቤት አጠገብ የሚኖር የማኅበራችን ሰው ቼክ አድርጎ «ደህና ናቸው፣ ከውጭ ሲገቡ አግኝቻቸዋለሁ» ሲለኝ ግን ጭንቀቴ ወደ ሌላ ዞረ።

ስለ ጉብኝቱ መቼም መስማት ይፈልጉ ይሆናል። አስጎብኚያችን ነጭ ባርኔጣ ያደረገች፣ እንደኔ እግሯን የሚያማት አሮጊት ነበረች። መጀመሪያ የአርክቴክቱን ሥዕል አሳየችን። መሬቱን አንድ አካፋ ሳያስነካ ስድስት ሳምንት ሙሉ በእግሩ ሲዞረው ነበር አለች። ሜዳው አልቆ ሲመረቅ ግን አልተገኘም፤ ሌላ አገር ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ሳምሪ ተረጎመችልኝ። «እንደ አንዳንድ ሰው ማለት ነው» አልኩ። ይህን ግን አልተረጎመችላቸውም።

ያምራል፤ አልዋሽም። ሃያ ሁለት ዓመት የባሌን ሱሪ ከዚያ ሣር ሳጸዳ ኖሬ እንዲህ ያለ ቦታ መሆኑን አላወቅኩም። ሰባተኛው ጋ ስንደርስ ጫማዬን አወለቅኩ። ተረከዙ ሣሩን እንዳይወጋው ብዬ ነው፤ የበፈቃዱ እጅ ያለፈበት አይደል። ፈረንጆቹ የሃይማኖት ነገር መሰላቸው መሰለኝ። አንዱ ሰውዬማ ባርኔጣውን አወለቀ። አስጎብኚዋ ኳስ ሰጠችኝና ልቀቂያት አለችኝ። ለቀቅኳት። ወንዙ ይወስዳታል ስል ወደ ኮረብታው ወጣችና ቆመች። ሳምሪ እንደ ሕፃን ጮኸች። እኔ የበፈቃዱ እግር ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ብቻዬን ነው ያለቀስኩት፤ ልጄ አቀፈችኝ፣ ግን እሷ የምታውቀው አባቷን ነው፣ እኔ የማለቅስለት ሌላ ሰው ነው።

ዳቦውን ልንቆርስ ስንል ማሽን ላይ የተቀመጠ አንድ ሐበሻ ሠራተኛ መጣ፣ አሸናፊ ይባላል። «የጋሽ በፈቃዱ ባለቤት ነዎት?» አለኝ። አዎ ስለው ፊቱ በራ። «አይ እትዬ፣ የእነሱን ነገር! ሰኞ ሰኞ ሳቃቸው ማሽን ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ጋሽ ገብረየስማ ሣሩ ላይ ተንከባሎ ነው የሚስቀው። ኤቭሪ ሰኞ! ስንት ዓመት ሙሉ!»

እኔም ሳቅ አልኩለት። ዳቦውን ቆርሼ ሰጠሁት። በመኪና ስንመለስ ግን ድልድዩ ላይ ትራፊኩ ያዘንና ማሰብ ጀመርኩ። በፈቃዱ ቤት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ የሳቀው መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ጋሽ ገብረየስ፣ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሣር ላይ ተንከባሎ አይስቅም። ስለዚህ ለምን ቀሩ ብዬ አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎት መቼ እንደዳኑ ነው።

እታለማሁ


ሲልቨር ስፕሪንግ
ጁን 24 ቀን 2024

እታለም፣

አልቀረሁም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ፓርኪንግ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። ስትመጪ አየሁሽ። ነጠላሽን አየሁ። ወንበሩን እንቢ ስትይ አየሁ። ስልኬ ጭኔ ላይ ሲጠራ ስምሽን እያየሁ ነበር። አንድ ጊዜ በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አውጥቻለሁ። «መርቄ ሰጥቻለሁ» ያልሺው ነው መልሶ ያስገባኝ። ለማይገባው ሰው የተሰጠ ምርቃት እግር ያስራል።

የቀብሩ ዕለትም እንዲሁ ነው የሆነው። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መጥቼ ነበር።

መቼ ዳንህ ነው ጥያቄሽ። በ2010፣ ማርች ውስጥ። በሽታው አንድ ዓመት ነው የቆየው። ክረምቱ አልቆ ሜዳው በተከፈተበት የመጀመሪያው ሰኞ ከእንቅልፌ ስነሣ እርቦኝ ነበር። ቁርስ በልቼ እያፏጨሁ ሥራ ሄድኩ። በፈቃዱ አየኝና «ገብሬ፣ ተመስገን፣ ፊትህ በራ። እንግዲህ ሰኞን ለእታለም ልመልስላት፤ ምሳ ሠርታ ነው የምትጠብቀኝ» አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ ደስ ይበልህ ማለት ነበረብኝ። ፊቴን አጠቆርኩ። «እንደፈለግህ፤ እኔ እንግዲህ ምን ቀረኝ» ብዬ ዱላዬን ጥዬ ወደ ኩሬው መሄድ ጀመርኩ። ሮጦ ያዘኝ። «በቃ፣ በቃ፣ ቀልዴን ነው» አለኝ። ደንግጦ የጣልኩትን ዱላ አንሥቶ መልሶ አስያዘኝ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት፣ እታለም። ድኜ ነበር፤ ግን ድኛለሁ አላልኩትም።

ከዚያ በኋላ ሜዳው በየማርቹ ሲከፈት እሱ ያንኑ ጥያቄ ያነሣል፣ እኔም በየማርቹ እታመማለሁ። አንድ ሰኞ እተክዝለታለሁ፤ ሲፈራልኝ የዓመቱ ሰኞዎች ሁሉ የእኔ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ እንስቃለን። አሸናፊ የነገረሽ ሁሉ እውነት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። በ2021 ማርች «እታለም በጃንዋሪ ሬታየር ልታደርግ ነው፤ ያኔ ቀኑ ሁሉ የእኛ ይሆናል፤ ይህችን ዓመት ብቻ ልታገስ» አለኝ። ኖቬምበር ላይ አረፈ። ቀብሩ ላይ ምን ብዬ ፊትሽ ልቁም?

ምክንያት ካልሽኝ ብቸኝነት ፈርቼ ነው። ሌላ የምለው የለኝም። ሞትን አልነበረም የምፈራው፤ ብቻዬን ወጥ ማሞቅን ነው። ያንኑ ለአንቺ ሰጠሁሽ።

ይቅር በይኝ። ካልቻልሽም ፎቶውን መልሰሽ አታዙሪው፤ እሱ ምንም አላጠፋም። የተሸወደው እሱ ነው።

ገብረየስ


አሌክሳንድሪያ
ጁላይ 9 ቀን 2024

ጋሽ ገብረየስ፣

ይህ ደብዳቤ ሰላምታ የለውም።

የእርስዎን አንብቤ መጀመሪያ ቀደድኩት። በማግሥቱ በፕላስተር ገጣጠምኩት። በመካከሉ ያልኩትን ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ለእርስዎ አልጽፈውም። ሳምሪ ጩኸቴን ሰምታ ሮጣ ገብታ «ማም፣ ሁ ዳይድ?» አለችኝ። «አባትሽ ነዋ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ እንደ አዲስ ነው የሞተብኝ። እኔን ትቶ ሄዷል ብዬ ተናድጄ፣ ነፍስ አድኗል ብዬ ኮርቼበት፣ አሁን ደግሞ በየዓመቱ ወደ እኔ ሊመጣ ሲነሣ እርስዎ በር ላይ ቆመው እንደመለሱት ሰማሁ። ልመለስላት ማለቱን በማወቄ ደስ ብሎኛል። ያንን ደስታ ከእርስዎ እጅ መቀበሌ ነው ያንገበገበኝ።

ይቅር በይኝ ብለዋል። አልዋሽዎትም፣ ዛሬ አላልኩም። ንስሐ አባቴ «ሰባ ጊዜ ሰባት» ይላሉ። ያ ደግሞ ከሦስት መቶ አሥራ አንድ ይበልጣል፤ ሒሳቡ ለእርስዎ ነው የሚያደላው። እናያለን።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። አሸናፊን ምን እያለ ነበር የሚያስቃችሁ ብዬ አልጠየቅኩትም። ብጠይቀውም አያውቅም፤ እሱ የሰማው ድምፁን ብቻ ነው። የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። ከባሌ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬ ምን እንደሚያስቀው ለማወቅ እርስዎን መለመን አለብኝ። ቀኖቼ እርስዎ ጋ ናቸው። እርስዎ ደግሞ ሰባ ስድስት ዓመትዎ ነው፤ ጉልበትዎ ደረጃ አይወጣም፤ ቤትዎ ውስጥ ሰው የለም። አንድ ቀን ድንገት አረፉ ቢሉኝ የእኔም ሰኞ አብሮ ተቀበረ ማለት ነው።

ስለዚህ ይምጡ። ለይቅርታ አይደለም፤ ለመንገር ነው። ምን እንዳለ፣ ምን እንደበላ፣ በምን እንደተናደደ፣ እኔን አንሥቶ ከሆነ ምን ብሎ እንዳነሣኝ፣ የሚያስደስተኝንም የማያስደስተኝንም። ቤልትዌይ ላይ መንዳት እፈራለሁ ይሉ ይሆናል። በቀኝ በኩል በቀስታ ይንዱ፣ ይጩኹብዎ። እኔ የምኖረው ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። ልቅሶ ቤት ደግሞ አይንኳኳም፤ በሩን ገፋ አድርገው ይግቡና ይቀመጡ። መጀመሪያ እናለቅሳለን፣ ከዚያ ይጀምራሉ። በአንድ ቀን አያልቅም፤ ይመላለሳሉ።

ማክሰኞም ይሁን ረቡዕ፣ የተመቸዎት ቀን ይምጡ። ሰኞ ግን ቤት የለሁም። ከዚህ ወር ጀምሮ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ታጣፊ ወንበር ይዤ መቃብሩ ዘንድ እሄዳለሁ፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ከበፈቃዱ ጋር ነኝ።

እታለማሁ